የራይንን መንገድ ጂፒኤስ ላይ መጫን፦ መስመሩ ብራይዛኽ ላይ ለምን ተቆረጠ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። በመጪው ሐምሌ ከባለቤቴ ጋር የራይንን ወንዝ ተከትለን ከስዊዘርላንድ አንደርማት እስከ ሆላንድ ሁክ ፋን ሆላንድ ድረስ በብስክሌት ልንወርድ አስበናል። ወንድሜ አገር ቤት ለመሬት ልኬት ይጠቀምበት የነበረውን ጋርሚን ኢትሬክስ 22ኤክስ የተባለ የእጅ ጂፒኤስ ሰጥቶኛል። ራይንን የሚከተለውን የብስክሌት መንገድ፣ የዩሮቬሎ 15ን፣ ጂፒኤክስ ፋይል (መንገዱ በነጥቦች የተጻፈበትን ፋይል) አውርጄ (1,300 ኪሎ ሜትር፣ 26,000 ነጥብ ይላል) መሣሪያው ላይ ኮፒ አደረግሁት። መስመሩ ግን ከባዝል አልፎ ብራይዛኽ አካባቢ ይቆማል። ቦደንዜ ሐይቅ ላይ ደግሞ ውኃውን አቋርጦ ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሯል። «ጎ» የሚለውን ስጫን «በማስላት ላይ» ብሎ ይደርቃል። ከመስመሩ ሥር ከትልልቅ ከተሞች በቀር ምንም መንገድ አይታይም። መሣሪያው ተበላሽቶ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያላወቅሁበት?

ምላሽ፦ መሣሪያዎ ጤነኛ ነው፤ ፋይሉም አልተበላሸም። ፋይሉ የተዘጋጀው መላውን መንገድ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ለማሳየት ነው። ኢትሬክስ 22ኤክስ ደግሞ በሁለት ባትሪ ድንጋይ ቀኑን ሙሉ እንዲሠራ ተብሎ የተሠራ ትንሽ መሣሪያ ስለሆነ የሚሸከመው ነገር ተለክቶ ተወስኗል። የነገሩኝ አራት ችግሮች መነሻቸው የተለያየ ነው፤ በየተራ እንያቸው።

ብራይዛኽ ላይ መቆሙ የሒሳብ ጉዳይ ነው። መሣሪያው በአንድ ትራክ፣ ማለትም በነጥቦች በተሠራ አንድ መስመር ውስጥ የሚቀበለው 10,000 ነጥብ ብቻ ነው። የእርስዎ ፋይል በ1,300 ኪሎ ሜትር 26,000 ነጥብ ስላለው በአንድ ኪሎ ሜትር 20 ነጥብ፣ ማለትም በየ50 ሜትሩ አንድ ነጥብ ይደርሳል። በዚህ መጠን 10,000 ነጥብ የሚያደርሰው 500ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው። የስዊዘርላንዱ የራይን መንገድ፣ ቁጥር 2 የሚባለው፣ ከአንደርማት ባዝል 430 ኪሎ ሜትር ነው። 70 ኪሎ ሜትር ይጨምሩበትና ብራይዛኽ አጠገብ ይደርሳሉ። መሣሪያው የቻለውን ተቀብሎ የቀረውን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ጥሎታል። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ከተሞች አይቶ «ገብቷል» ይልና ጉዞ ከጀመረ በኋላ፣ ኮምፒውተር በሌለበት ቦታ መስመሩ ያልቅበታል። ስለዚህ ማንኛውንም ፋይል ከጫኑ በኋላ መጨረሻውን ይመልከቱ፤ መጀመሪያው ሁልጊዜም ይገባል።

መፍትሔ ሲፈልጉ ብዙዎች የሚነግርዎት ነጥቡን እንዲቀንሱ ነው። እኔ አልመክርም፤ ቢያንስ ለእርስዎ መሣሪያ አያስፈልግም። ኢትሬክስ 22ኤክስ 200 ትራክ ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱ እስከ 10,000 ነጥብ ሊይዝ ይችላል። ቦታ ሞልቷል፤ የሚጎድለው መቁረጥ ብቻ ነው። መስመሩን አሥር ቦታ ቢከፍሉት አንዱ ክፍል በአማካይ 130 ኪሎ ሜትር ሆኖ 2,600 ነጥብ ገደማ ይይዛል፤ አንድም ነጥብ ሳይጠፋ ማለት ነው። በከተማ ውስጥ፣ በድልድይ ሥር፣ በባቡር ሐዲድ ማቋረጫ ላይ በየ50 ሜትሩ ያለችው ነጥብ ናት ትክክለኛውን መታጠፊያ የምታሳይዎት።

አቆራረጡን በተመለከተ ሰው ሁሉ በቀን ነው የሚቆርጠው፤ አንደኛ ቀን፣ ሁለተኛ ቀን እያለ። ይህ ወረቀት ላይ ያምራል። ዝናብ አንድ ቀን ሲያስቀርዎት ወይም ነፋሱ ከኋላ መጥቶ ካሰቡት በላይ ሲያስኬድዎት ግን የቀኑና የመንገዱ ቁጥር ይፋለሳል፤ ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ የትኛውን ፋይል እንደሚከፍቱ ማሰብ ነው። በቦታ ይቁረጡት። ለራይን እኔ የምመርጣቸው መቁረጫዎች ኹር፣ ኮንስታንትስ፣ ባዝል፣ ሽትራስቡርግ፣ ሽፓየር፣ ማይንትስ፣ ኮብሌንትስ፣ ኮሎን እና ኤመሪኽ ናቸው። ሁሉም የባቡር ጣቢያ ስላላቸው ማቋረጥ ወይም መዝለል ቢያስፈልግ መስመሩም አብሮ ይዘላል። እያንዳንዱ ክፍል ከሚቀጥለው ጋር ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር እንዲደራረብ ያድርጉ። መቁረጫው ከተማ መሃል ሲወድቅ አንዱ መስመር አልቆ ሌላው ሳይታይ የሚንከራተቱበት ጊዜ እንዳይኖር ነው።

ለመቁረጥ የጋርሚን ቤዝካምፕ ይበቃል፤ በነፃ ይወርዳል። ምንም መጫን ካልፈለጉ በብሮውዘር የሚሠራው ጂፒኤክስ ስቱዲዮ ይቀላል፤ ፋይሉን ጎትተው ይጥሉበታል፣ መቀሷን ይመርጣሉ፣ መስመሩ ላይ ከተማው ጋ ሲጫኑ ለሁለት ይከፈላል። ፋይሉ ያለ ኢንተርኔትም በኖትፓድ ይከፈታል። ጂፒኤክስ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ እያንዳንዱ ነጥብ ኬክሮሱን፣ ኬንትሮሱንና ከፍታውን ይዞ ተጽፎ ያገኙታል። አንድ ጊዜ ከፍተው እንዲያዩት እመክራለሁ፤ የሚሠሩበትን ነገር ውስጡን ማየት ፍርሃት ያስለቅቃል።

እግረ መንገዴን፣ ይህን የሚያነቡ ሌሎች የድሮ መሣሪያ ካላቸው፣ ለምሳሌ ኢትሬክስ ሌጀንድ ኤችሲኤክስ ወይም ጂፒኤስማፕ 60ሲኤስኤክስ፣ ነገሩ ይለያል። እነዚያ የሚያስቀምጡት 20 ትራክ ብቻ ሲሆን አንዱ ከ500 ነጥብ አያልፍም። እዚያ መቀነስ ግድ ነው። ሲቀንሱ ግን «በየስንት ሜትሩ አንድ ነጥብ» በሚለው አይሁን፤ ኩርባውን ሁሉ ይቆርጠዋል። ከመስመሩ በተወሰነ ሜትር የማይርቁትን ነጥቦች ብቻ የሚጥለውን ዘዴ ይጠቀሙ። ዳግላስና ፖይከር እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጡት ስሌት ነው፤ ዛሬ ነጥብ በሚቀንሱ ፕሮግራሞች ውስጥ በብዛት ይገኛል። ገደቡን 10 ሜትር ላይ ያድርጉት። ከባዝል በታች ባለው ቀጥ ያለ የወንዝ ግድብ ላይ ለረጅም ርቀት ጥቂት ነጥብ ይበቃል፤ የተረፈው ነጥብ ለከተሞቹ ኩርባ ይቀራል።

ወደ ሐይቁ እንመለስ። ቦደንዜ ላይ መንገዱ በሰሜን ዳርም በደቡብ ዳርም ይሄዳል። ያወረዱት ፋይል ሁለቱንም በአንድ ትራክ አስገብቶ ከሆነ መሣሪያው የአንዱን መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር በቀጥታ ያገናኛቸዋል፤ ውኃውን ያቋረጠው መስመር ይህ ነው። እንዲህ ያለው ፋይል በብዛት የሚመጣው ኦፕንስትሪትማፕ ከሚባለው፣ በጎ ፈቃደኞች ከሚያዘጋጁት ነፃ ካርታ የመንገድ ዝርዝር ላይ እንዳለ ሲወርድ ነው፤ ቁርጥራጮቹ በቅደም ተከተል ያልተደረደሩና አማራጮችን የቀላቀሉ ይሆናሉ። መሣሪያው ይህን ሊያስተካክልልዎት አይችልም። ኮምፒውተር ላይ ከፍተው የማይሄዱበትን ዳር ይሰርዙ። የስዊዘርላንዱ ቁጥር 2 በደቡቡ ዳር ነው የሚያልፈው፤ ሌላ ምክንያት ከሌለዎት እሱን ይያዙ። ሌላውን መጣል ካልፈለጉ ለብቻው በሌላ ስም ያስቀምጡት።

ስለ ስም ካነሳን፣ መሣሪያው ዝርዝሩ ላይ የሚያሳየው የፋይሉን ስም ሳይሆን በፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን የትራክ ስም ነው። አሥሩን ክፍል ቆርጠው አሥር ፋይል ቢያደርጉም የውስጡን ስም ካልቀየሩ አሥር ጊዜ «ዩሮቬሎ 15» የሚል ዝርዝር ያገኛሉ። የስሙን መጀመሪያ ቁጥር ያድርጉት፤ 01፣ 02 እያሉ፣ ዜሮዋን ሳይረሱ፣ አለበለዚያ 10 ቁጥር ከ2 ቀድሞ ይሰለፋል። ከዚያ የሁለቱን ከተሞች ስም በአጭሩ፣ በላቲን ፊደል ይጻፉ። የእኛን ፊደል መሣሪያው አያሳይም።

ፋይሎቹን የት ያስቀምጡ ለሚለው፣ ሰው ሁሉ ወደ መሣሪያው የውስጥ ሚሞሪ ነው የሚወስደው። እኔ ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ላይ እንዲያደርጉ እመክራለሁ። ካርዱ ላይ ጋርሚን የሚባል ፎልደር፣ በውስጡም ጂፒኤክስ የሚባል ፎልደር ከፍተው (ሁለቱም በላቲን ፊደል) ትራኮቹን እዚያ ይጣሉ። ምክንያቱ አንድ ነው፤ የተበላሸ ፋይል ካለ መሣሪያው ሲበራ እሱን ለማንበብ ሲታገል ሊደርቅ ይችላል። ፋይሉ ካርዱ ላይ ከሆነ ካርዱን አውጥተው ያበሩታል፤ የውስጥ ሚሞሪው ላይ ከሆነ ግን መንገድ ላይ ኮምፒውተር ፍለጋ ነው። ካርዱ ፋት32 ሆኖ ፎርማት የተደረገና ከ32 ጊጋባይት የማይበልጥ ይሁን። መሣሪያውን ከኮምፒውተር ሲያገናኙም ገመዱን ይፈትሹ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ ከሆነ መሣሪያው ይበራል እንጂ እንደ ፍላሽ ዲስክ አይከፈትም።

አሁን «ጎ» ሲሉት ለምን እንደሚደርቅ። ጂፒኤክስ ፋይል ውስጥ ሦስት ዓይነት ነገር ሊኖር ይችላል፤ ዌይፖይንት፣ ሩት እና ትራክ። ዌይፖይንት አንድ ነጥብ ነው። ትራክ እርስዎ ወይም ሌላ ሰው የወሰነው፣ ያለቀለት መስመር ነው፤ መሣሪያው ከማሳየት በቀር ምንም አይጨምርበትም። ሩት ግን ጥቂት ነጥብ ሰጥተውት በመካከላቸው ያለውን መንገድ መሣሪያው ራሱ፣ በውስጡ ባለው ካርታና በሴቲንጉ መሠረት የሚፈልገው ነው። ኢትሬክሱ መንገድ እያሰላ የሚሄድበት ሩት ቢበዛ 50 ነጥብ ነው የሚይዘው። ብዙ ድረ ገጾች ሲያወርዱ «ትራክ ወይስ ሩት?» ብለው ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹም ሁለቱንም በአንድ ፋይል ያስገባሉ። የእርስዎ ፋይል ውስጥ ሩት ካለበትና እሱን አስነስተውት ከሆነ መሣሪያው ከአንደርማት እስከ ሰሜን ባሕር ድረስ መንገድ ሊፈልግ እየሞከረ ነው፤ ያውም ዝርዝር መንገድ በሌለው ካርታ ላይ። ቢሳካለት እንኳ የሚሰጥዎት የራይንን የብስክሌት መንገድ ሳይሆን እሱ ያጠረለትን ነው፤ ከወንዙ ዳር አውጥቶ መኪና ወደሚበርበት ዋና አውራ ጎዳና ሊመራዎት ይችላል።

ስለዚህ ሩቱን ሙሉ በሙሉ ይሰርዙት። ትራኩንም ቢሆን «ጎ» ባይሉት እመርጣለሁ። ትራክ ማናጀር ውስጥ ገብተው ትራኩን ይምረጡና «ካርታ ላይ አሳይ» የሚለውን ብቻ ይጫኑ፤ ቀለሙንም እዚያው ይቀይራሉ። ተከታታይ ክፍሎችን በሁለት ቀለም እያፈራረቁ፣ አንዱን ቀይ አንዱን ሰማያዊ ቢያደርጉ መደራረቢያቸው በግልጽ ይታያል። መሣሪያው ምንም አያሰላም፣ አይደርቅም፣ አይጮህም፤ መስመሩ አለ፣ የእርስዎም ቀስት አለች፣ ቀስቷን መስመሩ ላይ ማቆየት ነው። ረጅም መንገድ ለመሄድ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። የመንገዱ ውሳኔ የእርስዎ እንደሆነ ይቆያል።

ከመስመሩ ሥር ምንም የማይታየው መሣሪያው ለአውሮፓ ገበያ የተዘጋጀ ስላልሆነ ይመስለኛል። 22ኤክስ ቶፖአክቲቭ የሚባል ዝርዝር ካርታ ተጭኖበት ነው የሚሸጠው፤ ካርታው ግን የተሸጠበት ክልል ነው። ከዚያ ውጭ የሚታየው ትልልቅ ከተማና ዋና መንገድ ብቻ ያለበት መነሻ ካርታ ነው። መግዛት አያስፈልግዎትም። ከኦፕንስትሪትማፕ መረጃ ለጋርሚን የሚዘጋጁ ነፃ ካርታዎች አሉ፤ ለብስክሌት ኦፕንፊትስማፕ ወይም ቬሎማፕ፣ ለጠቅላላ ጉዞ ፍራይዛይትካርተ። መንገድዎ ስዊዘርላንድን፣ ሊችተንስታይንን፣ ኦስትሪያን፣ ጀርመንን፣ ፈረንሳይንና ኔዘርላንድስን ስለሚነካ የጀርመንን ብቻ አውርደው እንዳይቀሩ። ፋይሉ መጨረሻው አይኤምጂ ነው፤ ካርዱ ላይ ጋርሚን ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ ከሆነ ፋት32 አይቀበለውም፣ ከፋፍለው ያውርዱት። ከዚያ በካርታ ሴቲንግ ውስጥ አዲሱን ያብሩ፣ የቀድሞውን ያጥፉ። ሁለት ዝርዝር ካርታ አንድ ቦታ ላይ አብረው ከበሩ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። የብስክሌት ካርታዎቹ የታወቁ መንገዶችን በቀለም ስለሚያሳዩ ትራክዎ ከዚያ ቀለም ጋር ገጥሞ ከሄደ ፋይሉ ትክክል ለመሆኑ ጥሩ ማረጋገጫ ነው።

ወንድምዎ ለመሬት ልኬት ሲጠቀምበት የነበረ መሣሪያ ስለሆነ አንድ ሴቲንግ በተለይ ይመልከቱ። በአገራችን የልኬት ሥራ የቦታ አጻጻፉን ዩቲኤም (በዲግሪ ፈንታ በሜትር የሚጻፈው)፣ ዳተሙን (ልኬቱ የሚነሳበትን የመሬት ቅርጽ መነሻ) አዲንዳን ማድረግ የተለመደ ነው። ይህ የተጫነ ትራክን አያፈናቅልም። እርስዎ ግን የአንድ ሆቴል ወይም የጀልባ ማቆሚያ ኮኦርዲኔት ከኢንተርኔት ወስደው በእጅዎ ሲያስገቡ ነጥቡ ከቦታው ይሸሻል፤ ወንዙ፣ መንገዱና ሐዲዱ ተጠጋግተው በሚሄዱበት ሸለቆ ውስጥ ይህ ጥቂት የሚመስል ሽሽት ከሐዲዱ ማዶ ያውልዎታል። ዳተሙን ደብሊውጂኤስ 84፣ አጻጻፉንም ድረ ገጾቹ በሚጠቀሙበት በዲግሪ ያድርጉት።

ሌላው ኮምፓሱ ነው። 32ኤክስ የሚባለው ሞዴል ቆመውም አቅጣጫ የሚያውቅ ኮምፓስ አለው፤ የእርስዎ 22ኤክስ የለውም፣ አቅጣጫን የሚያውቀው ሲንቀሳቀሱ ብቻ ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመው ስክሪኑን ሲያዩ ካርታው በዘፈቀደ ሊዞር ይችላል፤ ብዙ ሰው በተሳሳተ አቅጣጫ የሚሄደው ይኼኔ ነው። ከመቆምዎ በፊት፣ ገና እየሄዱ ሳሉ ይመልከቱት፤ ወይም ካርታውን ሰሜን ወደ ላይ ሆኖ እንዲቆም ያድርጉት። ባትሪውም ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ከሆነ በሴቲንጉ እንዲያ ብለው ይንገሩት፤ አለበለዚያ የቀረውን ኃይል በትክክል አያሳይም።

ከመንገዱ ሁሉ በደንብ መዘጋጀት ያለብዎት ከማይንትስ እስከ ኮብሌንትስ ላለው ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የመካከለኛው ራይን ሸለቆ እዚህ ውስጥ ነው፤ ከጉዞው ሁሉ ውቡም እሱ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል አንድም ድልድይ የለም። መሻገር የሚቻለው በጀልባ ብቻ ነው፤ ቢንገንና ሩደስሃይም መካከል፣ ካውብ ላይ፣ ዛንክት ጎኣር ላይ፣ ሌሎችም አሉ። የብስክሌት መንገዱ በሁለቱም ዳር ስላለ ፋይልዎ እዚህም እንደ ሐይቁ ሁለቱን ቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። ለያይተው ሁለት ትራክ ያድርጓቸው፤ እኔ የምመርጠው የግራውን ዳር ነው። ሩት ላለመጠቀም ትልቁ ምክንያቴም እዚህ አለ፤ መሣሪያው ጀልባ እንዳይጠቀም ታዞ ከሆነ ፊት ለፊት ወደሚታይዎት ማዶ ለማድረስ እስከ ድልድዩ ድረስ ያዞርዎታል፣ እሱም አሥርተ ኪሎ ሜትሮች ነው። የጀልባ ማቆሚያዎቹን በዌይፖይንት ይመዝግቡና በእያንዳንዱ ላይ የ500 ሜትር የመቃረቢያ ማንቂያ ያስቀምጡ። ጀልባዎቹ ማታ ስለሚቆሙ የመጨረሻውን ሰዓት ከዌይፖይንቱ ስም ጋር ይጻፉት።

በዚያ ሸለቆ ውስጥ ቀስቷ ከመስመሩ ወጣ ገባ ብትል አይደንግጡ፤ የሳተላይቱ ምልክት ገደሉን እየነካ ይመለሳል። ግሎናስን (የሩሲያን የሳተላይት ሥርዓት) ከጂፒኤስ ጋር አብረው ቢያበሩ ይሻላል። ቀስቷ 20 ሜትር ወንዙ ውስጥ ገብታ ብትታይ መንገዱ የጠፋው ከእርስዎ አይደለም።

ፋይሉና የመንገድ ዳር ምልክቱ ሲጣሉ ምልክቱን ይመኑ። ሰማያዊው የዩሮቬሎ 15 ሰሌዳ፣ በስዊዘርላንድም ቁጥር 2 ያለበት ቀዩ ሰሌዳ፣ ግንባታ ሲኖር ይነሳና ይዛወራል፤ ያወረዱት ፋይል ግን ባወረዱበት ቀን ላይ ቆሟል። ማዞሪያ ካገኙ ምልክቱን ተከትለው ይሂዱ፤ ትራኩ ስክሪኑ ላይ ስላለ መልሰው የሚገጥሙበትን ቦታ ራስዎ ያዩታል።

አንድ ዌይፖይንት ከእኔ ይጨምሩ፤ ከአንደርማት ወጥተው ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው የኦበራልፕ ማለፊያ ላይ ቀይ የመርከብ መብራት ማማ ቆሟል። ባሕር በሌለበት ተራራ ላይ የቆመው በሁክ ፋን ሆላንድ የነበረው ማማ አነስ ያለ ቅጂ ስለሆነ ነው። ባቡርም እዚያ ድረስ ስለሚወጣ አቀበቱን ማን በፔዳል እንደሚወጣ ከባለቤትዎ ጋር ይወስኑ።

የራሳችሁን ጉዞም መሣሪያው ይመዝግብላችሁ። በትራክ ሴቲንግ ውስጥ «በየቀኑ አስቀምጥ» የሚለውን ከመረጡ የየዕለቱ መንገድ በራሱ ፋይል ይቀመጣል፤ 10,000 ነጥብ ሞልቶ የቀደመው ይሰረዝብኛል ብለው አይሰጉም።

ከመሄድዎ በፊት ሁሉንም እቤትዎ አጠገብ ይሞክሩት። ከፍራንክፈርት የማይንን ወንዝ ተከትሎ ማይንትስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ እዚያ ማይን ከራይን ይገናኛል። ለዚህች መንገድ ብቻ አንድ ትራክ ሠርተው በዚሁ አካሄድ፣ በካርዱ ላይ፣ በአዲሱ ካርታ፣ «ጎ» ሳይሉ ይጫኑና አንድ ቅዳሜ ውጡበት። ማይንትስ ስትደርሱ 06 እና 07 ብለው የሰየሟቸው ሁለት ትራኮች በሁለት ቀለም ድልድዩ አጠገብ ተደራርበው መታየት አለባቸው። ካልታዩ የትኛው እንደጎደለ ጽፈው ይላኩልኝ፤ ፋይሉን አብረን እናየዋለን።